ያደገው መቋሚያ

የአባባ መቋሚያ እያደገ መሆኑን ከቤታችን ሰው ሁሉ ቀድሜ የደረስሁበት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ አምስተኛ ክፍል። ለማንም ግን ትንፍሽ አላልሁም። ተአምር ከተወራ ሰው ይሰበሰባል፤ ሰው ከተሰበሰበ እማዬ ጠላ ልትጠምቅ ነው፤ እማዬ ጠላ ከጠመቀች ደግሞ ጌሾ የምወቅጠው እኔ ነኝ።

አባባ የምላቸው የእናቴን አባት መሪጌታ ሀብተ ሥላሴን ነው። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ አጠገብ ባለው ደብራችን አርባ ዓመት ማኅሌት ቆመዋል። በዓል ሲሆን በቀኝ በኩል የሚቆሙትን ካህናት የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። መቋሚያቸው ወይራ ነው፤ ራሱ ላይ ግራና ቀኝ የወጣ ነሐስ አለው። ጎንደር አቋቋም ያስተማሯቸው የኔታ፣ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ቁመታቸውን አይተው አስቆርጠው የሰጧቸው ነው። እኔ ትንሽ ሳለሁ ያ ነሐስ ከአባባ አገጭ በታች ነበር የሚውለው። አምስተኛ ክፍል ስገባ አፍንጫቸው ጋ ደረሰ።

እማዬ በየዓመቱ መስከረም ላይ ከበሩ መቃን አስደግፋ ቁመቴን በከሰል ምልክት ታደርግልኝ ስለነበር ማደግ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ አድጋለሁ፤ ጓሯችን ውስጥ ያለው ዘይቶን ያድጋል፤ መቋሚያውም ያው እንጨት ነው። ደረቅ እንጨት አያድግም የሚለኝ ቢመጣ መልሱ በጄ ነበር፤ የአሮን በትር ሳይተክሏት፣ ውኃ ሳያጠጧት አብባ አድራለች። በካህን ቤት ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። የአሮን በትር በአንድ ሌሊት ካበበች፣ አርባ ዓመት ማኅሌት የቆመ መቋሚያ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢያድግ ምን ይገርማል? አባባ ራሳቸው ሊለወጡ እንደሚችሉ ግን በሕልሜም አልመጣብኝም። አባባ የቤታችን ምሰሶ ነበሩ፤ ምሰሶ ደግሞ አያጥርም።

መቋሚያው ዕድገቱን በአደባባይ ያሳየው አምስተኛ ክፍል ከመግባቴ በፊት ባለው ጥር፣ በማርያም በዓል ዕለት ነው። ታቦቷ ወጥታ ካህናቱ ሜዳው ላይ ወረብ ሲያቀርቡ፣ አባባ መቋሚያቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል ቢያደርጉት ነሐሱ የጎናቸውን ካህን ጥምጥም ያዘና ይዞት ሄደ። ነጩ ሻሽ እየተተረተረ አብሯቸው አሸበሸበ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አባባ ወረቡን አላቋረጡም፤ ጥምጥሙ የተወሰደበት ካህንም ራሱን በአንድ እጁ ሸፍኖ በሌላው ማሸብሸቡን ቀጠለ። እኔ በበኩሌ መቋሚያው ጥምጥሙን ወድዶት የወሰደው ነበር የመሰለኝ።

ቲቸር ሔራን የመጣችው በቀጣዩ መስከረም ነው። እስከዚያ ድረስ እጅ ሥራ የሚባለው ክፍለ ጊዜ የእናቶች ውድድር ነበር። ልጅ ከቤቱ መጥረጊያ ወይም ሰፌድ ይዞ ይመጣል፤ መምህሩ ነጥብ ይሰጥና ዕቃውን ወደ ቤቱ ይወስዳል። አራተኛ ክፍል ሳለሁ እማዬ በሰፋችው ሰፌድ ሰባ ሁለት አግኝታለች። “ለኔ ሰፌድ ሰባ ሁለት?” ብላ ሳምንቱን ሙሉ አኩርፋ ነበር።

ቲቸር ሔራን የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ናት። ፀጉሯን አሳጥራ ሱሪ ለብሳ፣ መጋዝና መዶሻ በዘንቢል ይዛ ገባች። “ከዛሬ ጀምሮ እናታችሁ የሠራችውን ነገር አልቀበልም” አለች። የትምህርቱ ስም ዲዛይንና ቴክኖሎጂ ነው ብላ ሰሌዳው ላይ አምስት ቃል ጻፈች፦ ጠይቅ፣ ለካ፣ ሣል፣ ሥራ፣ ሞክር።

“አንድ የቸገረው ሰው ፈልጉ። ምን እንዳስቸገረው ጠይቁት። ከዚያ ለእሱ ልክ የሚሆን ዕቃ ትሠራላችሁ። ያ ሰው ተጠቃሚ ይባላል።”

አጠገቤ የሚቀመጠው ኪዲ ወዲያው እጁን አወጣ። አባቱ ጎርጎራ በሚመላለሰው ጀልባ ላይ ይሠራሉ፤ እቤት ባደሩ ቁጥር ስለሚያንኮራፉ ጎረቤት ሳይቀር እንቅልፍ የለውም። ቲቸር ሔራን “ጥሩ ችግር ነው” አለችው። ኪዲ ከጨርቅና ከጎማ አገጭ ላይ የሚታሰር ነገር ሠራ። “ሞክር” ከሚለው ቃል ሥር የጻፈውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ “ሞከርሁት። ተጠቃሚው መታኝ።” እውነቱን ስለጻፈ አሥር ከአሥር ሰጠችው።

እኔ ግን ተአምሬን ለአምስተኛ ክፍል የማካፍል ሞኝ አልነበርሁም። “እማዬን ጭስ ያስቸግራታል” ብዬ ጻፍሁና ዝም አልሁ። ኅዳር ሲገባ የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ መርስዔ ኀዘን ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ባይመጡ ኖሮ ዝም እንዳልሁ እቀር ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እማዬ ቆሎና ጠላ አቀረበች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የቤት ሥራ እሠራለሁ፤ ማለትም ጆሮዬን መጋረጃው ላይ ለጥፌያለሁ።

“መሪጌታ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ እንዴት ነው?” አሉ አለቃ።

“ወገቤ ምን ሆነና?”

“አይ፣ ብርዱን ብዬ ነው።”

አለቃ ከቆሎው ዘገን አደረጉ።

“ዘንድሮ ለጥር ማርያም አረፍ ብለው ቢያዩን ምን ይመስልዎታል? መልካም ወንበር አለን። ከጥላው ሥር እናወጣልዎታለን። ቀኙን ሣህሉ ይምራው፤ እርስዎው ያስተማሩት ልጅ ነው።”

“ወንበር” አሉ አባባ።

“መደገፊያ ያለው።”

“ምን አጓደልሁና ነው የምቀመጥ፣ አለቃ?”

አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እርስዎማ ምን ያጓድላሉ! ያ መቋሚያ ነው እንጂ። አምና እንዳዩት ነው፤ አልገዛም ብሏል።”

ደርሰውበታል! መቋሚያው ማደጉን አውቀው፣ ወስደው ዕቃ ቤት ሊቆልፉበትና ለእንግዳ ሊያሳዩት ነው የመጡት። ወንበሩ መደለያ ነው።

ዛሬ ሳስበው አለቃ መርስዔ ኀዘን እጅግ ጨዋ ሰው ነበሩ። የአርባ ዓመት አገልጋይን “አርጅተዋል” ማለት ቢከብዳቸው ጥፋቱን እንጨቱ ላይ ጫኑት። አባባም ነገሩ ገብቷቸዋል። ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርሁ።

“አለቃ” አሉ አባባ፤ “ቆሜ ያገለገልሁበትን ቦታ ተቀምጨ አላየውም። መቆም ካልቻልሁ በዓሉን እቤቴ እውላለሁ።”

ሰዎቹ ሲሄዱ አባባ ራታቸውን ሳይቀምሱ ቀሩ። እማዬ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስሁ፤ አባባ የሌሉበት ጥር ማርያም ምን እንደሚመስል ማሰብ አቃተኝ። ካለቀስሁ በኋላ ግን ዕቅድ አወጣሁ። መቋሚያው ያደገውን ያህል ቢቆረጥ ተአምሩ ይሰወራል፤ አለቃም የሚወስዱት ነገር ያጣሉ፤ አባባም እንደ ድሯቸው ይቆማሉ። የጎደለኝ መጋዝ ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ቲቸር ሔራንን ደጅ ጠብቄ ያዝኋት።

“ቲቸር፣ መጋዝ ፈልጌ ነበር።”

“ለማን?”

“ለአባባ። መቋሚያቸው ረዘመባቸው።”

“ድሮውንም ረጅም ነበር?”

“ድሮማ ልካቸው ነበር።” ግራ ቀኙን አየሁ። “ያድጋል።”

ቲቸር ሔራን አልሳቀችም። ባለፈው ክረምት ሐይቁ ዳር ተገናኝተን ስናወጋ፣ “ያን ቀን ከንፈሬን ነክሼ ነክሼ ሊደማ ነበር” ብላኛለች። ያኔ ግን በጣም ቁም ነገረኛ ፊት ነበር ያየሁት።

“ለክተሽዋል?” አለችኝ። “ያልተለካ ነገር ወሬ ነው። በየሳምንቱ ለኪና ጽፈሽ አምጪ።”

የመጀመሪያው ሳምንት፣ አንድ መቶ አርባ ሁለት ሴንቲ ሜትር። ሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ መቶ አርባ ሁለት። ሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ መቶ አርባ ሦስት! እየሮጥሁ ሄጄ ደብተሬን አሳየኋት። ሜትሩን ከየት ጀምሬ እንደዘረጋሁ ጠየቀችኝ፤ አሳየኋት፤ ጫፉን አስተካከለችልኝ። እቤት ሄጄ ብለካው ተመልሶ አርባ ሁለት ሆነ።

“እንግዲህ አላደገም” አለች በማግስቱ።

“የነቢያት ጾም ገብቶ ነዋ!” አልኋት።

ዞር ብላ ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመረች፤ ሰሌዳው ላይ ግን የተጻፈ ነገር አልነበረም። ስትመለስ፣ “ዕቃው ተለካ፤ ተጠቃሚውስ?” አለችኝ።

አባባን መለካት! ይሄ መቅደስ እንደመለካት ነበር የሆነብኝ። ቢሆንም ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ ጠብቄ፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ ሜትሬን ዘረጋሁ፤ አንድ መቶ ሰባ አንድ። “ቆመውም ለኪያቸው” ስላለችኝ፣ በሌላ ቀን ጠዋት ቆመው ዳዊት ሲደግሙ ጫፉ ላይ ድንጋይ ያሰርሁበትን ክር ይዤ፣ በርጩማ ላይ ወጥቼ ከኋላቸው ለቀቅሁ። እማዬ ከጓዳ ስትወጣ ደረሰችብኝ።

“በስመ አብ! በቁሙ ያለ ሰው በክር? በክር የሚለካ ሬሳ ነው!”

አባባ መዝሙሩን እስኪጨርሱ አልዞሩም። ሲጨርሱ ዳዊታቸውን ሳሙና ቀስ ብለው ዞሩ።

“ለሳጥን ነው?” አሉኝ።

“ለትምህርት ቤት ነው።”

“ስንት ወጣሁ?”

ክሩን ከሜትሬ ጋር አስተያየሁት። “አንድ መቶ ስልሳ ሁለት። ተኝተው ግን አንድ መቶ ሰባ አንድ ነዎት።”

እማዬ ክሩን ከእጄ ነጥቃ እሳት ውስጥ ጣለችው። አባባ ግድግዳውን እያዩ፣ “ዘጠኝ” አሉ። በሒሳብ ያን ያህል ፈጣን መሆናቸውን ባለማወቄ ገረመኝ። ደብተሬ ላይ እንዲህ ጻፍሁ፤ “ተጠቃሚው ሲተኛ ይረዝማል፣ ሲነሣ ያጥራል። ምክንያቱ አልታወቀም።”

ቲቸር ሔራን መጋዙን አሁንም አልሰጠችኝም። “እውነተኛውን ከመንካትሽ በፊት በርካሽ ነገር ሞክሪ” አለችኝ። ከሐይቁ ዳር ሦስት ሸምበቆ አመጣሁ፤ አንዱን መቶ ሠላሳ ስድስት፣ አንዱን መቶ ሠላሳ ሦስት፣ አንዱን መቶ ሠላሳ አድርጌ፣ ጫፋቸው ላይ ቁራጭ እንጨት አግድም አሰርሁባቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባባን ግቢው ውስጥ አቆምኋቸው።

ረጅሙን ያዙና፣ “ይህ ለጎልያድ ነው” አሉ። አጭሩን ያዙና፣ “ይህችስ ለዘኬዎስ” አሉ። እኔም ሳቅሁ።

መካከለኛውን ሲይዙ ግን ቀልዱን ተዉት። አገጫቸውን አሳረፉበት፤ ከፍ ብሎ የከረመው ትከሻቸው ወረደ፤ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ጉልበታቸው ቀስ ብሎ ተነቃነቀ፣ ዜማው ከደረታቸው ወጣ፣ ሸምበቆው ግራ ቀኝ ይል ጀመር። እማዬ የታጠበ ልብስ እንደታቀፈች ደጃፉ ላይ ቀረች። ዶሮዎቹ እንኳ ገለል አሉላቸው።

“ይህች ስንት ናት?” አሉ ሲያበቁ።

“አንድ መቶ ሠላሳ ሦስት። ስለዚህ ዘጠኝ እንቆርጣለን።”

ፊታቸው ተለወጠ። “አይሆንም ልጄ። የኔታ ቁመቴን አይተው የሰጡኝ ነው። እሱን ከቆረጥሁማ…” አልጨረሱትም። ሸምበቆውን መልሰው ሰጡኝና ወደ ቤት መራመድ ጀመሩ።

ሌላ መንገድ አልነበረኝም፤ ሮጬ ጋቢያቸውን ያዝሁና ምሥጢሬን አወጣሁ።

“አባባ፣ ጥፋቱኮ የእርስዎ አይደለም! አድጎ ነው!”

“ምኑ?”

“መቋሚያው። እንደ አሮን በትር። እኔ ካየሁት ቆየሁ። አለቃም ነቅተውበታል፤ ሊወስዱት ነው። የኔታ የሰጡዎትን አንነካም፤ ያደገውን ብቻ ነው የምንቆርጠው።”

አባባ ትኩር ብለው አዩኝ። ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሊያለቅሱ መስሎኝ ፈራሁ። ሲስቁ ይሁን ሲያለቅሱ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

“ያደገውን ብቻ?” አሉ።

“ያደገውን ብቻ።”

“የኔታ የሰጡኝ አይነካም?”

“አንዲት ሴንቲ ሜትር አይነካም።”

“እንግዲያው ደግ” አሉና ጎንበስ አሉ። “ለእናትሽ እንዳትነግሪ።”

እማዬ አምስት እርምጃ ርቃ ቆማለች።

መጋዙ ያለ ቲቸር ሔራን ከትምህርት ቤት ስለማይወጣ፣ በቀጣዩ ቅዳሜ ራሷ ይዛው መጣች። አባባ ሱሪዋን አዩ፤ ከዚያ መጋዙን አዩ፤ ከዚያ እንደ ቆሎ ተማሪ ፊታቸው አቆሟት።

“ልጄ፣ የምታስተምሪው ትምህርት ስሙ ማን ይባላል?”

“ዲዛይንና ቴክኖሎጂ፣ አባቴ።”

“ትርጓሜው?”

ቲቸር ሔራን ትንሽ አሰበች። “ሰውን አይቶ፣ ለሰውየው የሚሆን ዕቃ መሥራት ነው።”

“እሱማ የጻድቁ የዮሴፍ ሙያ ነው” አሉ አባባ ደስ ብሏቸው፤ እማዬንም ጠላ እንድታመጣ አዘዟት።

ቲቸር ሔራን መቋሚያውን በርጩማው ላይ አጥብቃ ያዘችልኝ፤ የምልክቱን መስመር ሦስት ጊዜ አስለካችኝ፤ ከዚያ ቆረጥሁ። ወይራ እንዲህ ጠንካራ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ እጄ ውኃ ቋጠረ። አባባ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ሐይቁን እያዩ መስሎኝ ነበር፤ ከግቢያችን ግን የሚታየው የጎረቤት አጥር ብቻ ነው።

ጥር ማርያም ዕለት አለቃ ለማንኛውም ብለው ወንበሩን አስወጥተውት ነበር፤ ከጥላው ሥር ባዶውን ተቀምጧል። አባባ ወደ እሱ ዘወር ሳይሉ ሄደው ቀኙ መጀመሪያ ላይ ቆሙ። መሪጌታ ሣህሉ ቦታውን ለቀቀላቸው። እኔና እማዬ ሴቶቹ መካከል እጅ ለእጅ ተያይዘናል፤ የማን እጅ እንዳላበው አላውቅም። ከበሮው ተመታ። አባባ ወደ ቀኝ ዘነበሉ፤ ጥምጥሞቹ ሁሉ በየራሳቸው ላይ ቀሩ። ወደ ግራ ዘነበሉ፤ አሁንም ደህና። ከዚያ መቋሚያው ልክ እንደ ድሮው ከአገጫቸው በታች ሲወጣና ሲወርድ ሳየው እልል አልሁ፤ ገና እልል የሚባልበት ቦታ ስላልነበረ ሴቶቹ ገላመጡኝ። አባባ ፀሐይዋ እስክትከር ድረስ አልተቀመጡም። ወንበሩ ላይ በመጨረሻ የተቀመጡት አለቃ መርስዔ ኀዘን ራሳቸው ናቸው፤ እግራቸውን አሟቸው።

ወረቡ ሲያበቃ አለቃ ከተቀመጡበት ሆነው መቋሚያውን ትኩር ብለው አዩት።

“መሪጌታ፣ መቋሚያዎ ምን ሆነ?”

የእማዬን እጅ ጨመቅሁት። አባባ በዚያ ሁሉ ካህን ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “አድጎ ነበር፤ ከረከምነው!” አሉ።

ካህናቱ ጥምጥማቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። አለቃም ሳቁ፤ ከዚያ ተነሥተው የአባባን ትከሻ ሳሙ። ምሥጢራችንን በአደባባይ ማውጣታቸው ለሁለት ቀን አናደደኝ። በኋላ ግን ሰው ሁሉ ቀልድ እንደመሰለው ሲገባኝ፣ የአባባን ብልሃት አደነቅሁ።

ከዚያ ወዲያም አባባ ቀኙን መሩ። በሦስተኛው ዓመት፣ ጥር በገባ በሳምንቱ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ መቋሚያቸውን ይዘው ግቢው በር ላይ ጠበቁኝ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ደረቅ እንጨት እንደማያድግ አውቄያለሁ። ማንም አልነገረኝም፤ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከኋላቸው እየሄድሁ ጀርባቸውን አየሁትና ሁሉም ነገር ገባኝ። መንገዱን ሙሉ እያለቀስሁ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነው ብያለሁ።

“መቅደላዊት” አሉኝ፤ “ያ እንጨት እንደ ልማዱ ሳያድግ አልቀረም። እስቲ ለኪው።”

ሜትሬን አመጣሁ። አንድ መቶ ሠላሳ ሦስት። ከቆረጥነው ቀን ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ቀና ብዬ አባባን አየኋቸው፤ ነሐሱ እንደገና ከአፋቸው በላይ ወጥቷል።

“ስንት ነው ያደገ?”

“አራት ሴንቲ ሜትር” አልኋቸው፣ ሜትሬን እየጠቀለልሁ።

“አራት ብቻ?” አሉ፤ ፊታቸው በራ። “እኔስ ብዙ ያደገ መስሎኝ ነበር።”